የመልከጼዴቅ ፊርማ

ባለቤቴ መልከጼዴቅ ሬዲዮ የሚያዳምጠው እንደ ሰው ቁጭ ብሎ አይደለም፤ እየተጣላ ነው። ጠዋት ዜናው ሲጀምር ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ መጥቶ ሬዲዮው ፊት ይቆማል። አገሪቱ ይህን ያህል ቢሊዮን ብድር ተፈራረመች የሚል ነገር ከሰማ አለቀ። «ማን ፈርሙ አላቸው? እኔን ጠይቀውኛል? ፈራሚው ሌላ፣ ከፋዩ የእኔ ልጅ» ይላል። ከዚያ ብድሩን የፈረምኩት እኔ ይመስል ወደ እኔ ዞሮ፣ «የድሮውን ዕዳ ለመክፈል አዲስ መበደር ምን ይባላል?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ የሰበታ እናት ሁሉ ደጄ ላይ ቆማለች፣ እሱ ስለ ቢሊዮን ያወራኛል።

ሰውየው ዕዳ መጥላቱ ግን ውሸቱን አይደለም። አዲስ አበባ የነበረችው የቀበሌ ቤታችን ስትፈርስ፣ ሰበታ በማኅበር ባገኘናት ቦታ ላይ ይህችን ቤት የሠራት አንድ ክፍል በአንድ ክፍል ላይ እየጨመረ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ከባንክ እየተበደረ ብረት በርና መስታወት ሲያስገባ፣ እሱ መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጋርዶ ዓመታት አሳለፈን። ክረምት በመጣ ቁጥር ከረጢቱ ነፋስ እየሞላው ይንጣጣል፣ ልጃችን ዕድላዊት ብርድ ልብሱን ራሷ ላይ ትከናነባለች፣ እሱ ግን «የማንም ዕዳ የለብንም» ብሎ ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል። ዱቤ አያውቅም። ባለሱቁ አህመድ «ጋሽ መልኬ፣ ችግር የለም፣ ነገ ይሰጡኛል» ሲለው ስኳሩን ለአህመድ መልሶ ባዶ እጁን ይመጣል። ሻያችንን ያለ ስኳር እንጠጣለን።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለው ሰው ግን የሰፈሩ ዋስ ነው።

ዘበኛ ለመቀጠር ዋስ ይጠየቃል፣ ገንዘብ ያዥ ለመሆን ዋስ ይጠየቃል፣ መጥረጊያ ለመያዝ እንኳ ዋስ ይጠየቃል። ዋሱ ደግሞ ቋሚ ሠራተኛ መሆንና ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማምጣት አለበት። መልከጼዴቅ ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ስለሆነ፣ ሥራ ያገኘ የሰፈር ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። «ጋሽ መልኬ፣ እርስዎ ካልሆኑልኝ ማን አለኝ?» ሲሉት ፊቱ ይፈካል። ከኮቱ የደረት ኪስ እስክሪብቶውን ያወጣል፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ያስተካክላል፣ ከዚያ ትልቅ «መ» ይጥልና ዞር ዞር አድርጎ ከሥሩ ያሰምርበታል። እንዲህ ያለ ፊርማ ሙሽራ እንኳ በሠርጉ ቀን አይፈርምም።

«ይሄስ ዕዳ አይደለም?» እለዋለሁ።

«ዋስትና ዕዳ አይደለም፤ ሰውነት ነው። ክፉ ነገር ቢመጣ አይደል እንዴ የሚጠየቀው? ክፉ ነገር ደግሞ አይመጣም» ይለኛል። እነዚያ ሬዲዮ ላይ የሚሰድባቸው ብድር ፈራሚዎችም ለሚስቶቻቸው የሚሉት ይህንኑ ይመስለኛል።

ቢኒ የባሌ እህት የሙሉእመቤት ልጅ ነው። እናቱ ቡራዩ ትኖራለች፤ እሱ ግን ከትምህርት ቤት እንደወጣ ሱሉልታ ሄዶ ድንጋይ የሚጭን መኪና ላይ ረዳት ሆነ፣ ቆይቶም መንጃ ፈቃድ አወጣ። ጋንጃ ማጨስም የለመደው እዚያው ነው፤ ይህን ያወቅነው ግን ዘግይተን ነው። ከሰበታ አለፍ ብሎ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞቹን በኮስተር የሚያመላልስ ሹፌር ሲፈልግ ቢኒ ተወዳድሮ አለፈ። ዕድላዊት እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናትና ደስ አለን።

የሹፌር ዋስ ግን እንደ መጥረጊያው አይደለም። ሹፌሩ በጥፋቱ መኪናውን ቢጎዳ የሚጠየቀው ዋሱ ነው፤ ደሞዙ ካልበቃ ንብረቱ አለ። ንብረታችን ያቺው በከረጢት ጋርደን የኖርንባት ቤት ናት። ባሌ ይህን ወረቀት የፈረመው እኔ ለቅሶ ቤት ሄጄ ሳለሁ ነው። ስመለስ «የእህቴን ልጅ ሰው አደረግሁት» ብሎ እየሳቀ ጠበቀኝ።

ነገሩን መጀመሪያ ያወቀው አፍንጫዬ ነው። ኮስተሯ ጠዋት ዕድላዊትን ከበራችን ታነሳለች፣ ቢኒም ወርዶ ይስመኛል። አንድ ቀን ሲስመኝ ከሹራቡ የተቃጠለ እርጥብ ሣር የሚመስል፣ ጣፈጥ የሚል ሽታ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» አለኝ። ደህና አልኩት። ጥቂት ቆሞ አየኝና እንደገና «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» አለኝ። ከዚያ ምን ሊያደርግ እንደመጣ የጠፋው ሰው ይመስል ግራ ቀኝ ተመልክቶ ወደ መኪናው ተመለሰ። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል ብዬ ለራሴ አሳበብኩለት።

በዚያው ሰሞን ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ኦቦ ዲሪባ መጡ። ኦቦ ዲሪባ ላሞቻቸውን በማለዳ የሚያሰማሩ፣ የሰው ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው። «አካም ቡልተን» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አሉኝ፤ እኔም እንደአቅሜ «ነጋ» አልኩ። ቁጭ በሉ ብላቸው እንቢ ብለው ቆመው ነገሩኝ። «የወይንሐረግ፣ ነገር መውደዴ አይደለም። የእናንተ ልጅ የሚነዳት መኪና ጎህ ሲቀድ ባሕር ዛፉ ውስጥ ትቆማለች። መጀመሪያ ቀን ጭስ በመስኮት ሲወጣ አየሁና መኪናው ተቃጠለ ብዬ በባልዲ ውሃ ይዤ ሮጥኩ። ልጁ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ኦቦ፣ ቁጭ ይበሉ፣ እርስዎም ይሞክሩት አለኝ።» ባልዲያቸውን ይዘው ተመለሱ። እኔ ግን የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ማታ ዕድላዊትን ለብቻዋ ጠየቅኋት። «ቢኒ እንዴት ነው የሚነዳው?»

«ደህና ነው፣ እማዬ» አለችኝ። ጫማዋን እየፈታች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

እሑድ ቢኒን ምሳ ጠራሁት። ሁለት ሰው የሚበላውን ብቻውን በላ። ከምሳ በኋላ በግልጽ ጠየቅሁት፤ እሱም አልካደም፤ እንዲያውም አፈረም አልልም። «እትዬ፣ ቅጠል እኮ ነው። ከመጠጥ ይሻላል፣ ከጫት ይሻላል። ሰው አልሰደብኩ፣ ሰው አልመታሁ። የሚያረጋጋኝ እሱ ነው» አለኝ።

ባሌ ጣልቃ ገባ። «በስንት ጊዜው ነው የምታጨሰው?»

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ማታ ያለሱ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጠዋት ደግሞ ራሴን ይከብደኛል፣ ያለሱ አልነቃም። ቀን ላይ እንዳልነጫነጭ ትንሽ ነካ አደርጋለሁ። እርስዎ ሬዲዮ ይሰማሉ፣ እኔ ይሄን አጨሳለሁ። ሁላችንም የዚህ አገር ጭንቀት አለብን።»

ልጁ የማታውን ለመክፈል ጠዋት ይበደራል፣ የጠዋቱን ለመክፈል ቀን ይበደራል። ደሞዙ ወር ሳይጋመስ ያልቃል፣ የጀመረውን ወሬ አይጨርስም፣ የእናቱን የመድኃኒት ቀጠሮ ረስቶ ሴትዮዋ ጤና ጣቢያ በር ላይ ስትጠብቀው ውላለች። «መልኬ፣ የድሮውን ዕዳ ለመክፈል አዲስ መበደር ምን ይባላል ብለህ ስትጠይቀኝ አልነበር? መልሱ ይኸው፣ ሹራብ ለብሶ ፊትህ ተቀምጧል» አልኩት። ቢኒ ሳቀ።

ልጁ እንደሄደ «ነገውኑ ሄደህ ዋስትናህን አውርድ» አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሲጨንቀው «የእህቴ ልጅ ነው። እህቴን በምን ዓይኔ ነው የማያት?» አለ። ቀጥሎ ያመጣው ምክንያት ግን ደሜን አፈላው። «ደግሞ ዕድላዊት በየቀኑ የምትሳፈረው እሷ አይደለችም? ደህና ነው የሚነዳው አለች እኮ። ከእሷ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል?» አለኝ። እውነትም ልጄ ደህና ነው ብላለች።

እውነቱን የነገረችኝ የባለሱቁ የአህመድ ሚስት ሃዋ ናት፤ ታናሽ እህቷ እዚያው ፋብሪካ ትሠራለች። ክር ልገዛ ስገባ «ዕድላዊትን አላህ አተረፋት» አለችኝ። እኔ ምንም እንዳልሰማሁ ስታይ ደነገጠች። ቢኒ ከሰበታ ወጣ እንዳለ አንድ ጋሪ ቀድሞ ወደ ግራ ከወጣ በኋላ ወደ መስመሩ ሳይመለስ ዝም ብሎ ነድቷል። ፊት ለፊት ሲኖትራክ እየመጣ ነው። ሴቶቹ ሲጮሁ እንደምንም ጠመዘዘና የጎን መስታወቱ ብቻ ተሰብሮ ተረፉ። ለፋብሪካው ግን ቆሜ ሳለሁ ሌላ መኪና ገጨኝ ብሎ አመለከተ። «ከሁሉም እህቴን የገረማት፣ ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ይስቅ ነበር» አለችኝ ሃዋ። ክሩን ሳልይዝ ወጣሁ።

ዕድላዊት ስትገባ ያዝኳት። «ትንሽ ነገር ነች እማዬ፣ ሃዋ አጋንናው ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን ለባሌ ጨርቄን ጥዬ ልወጣ እንደምችል ነገርኩት። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቆ ፋብሪካው ሄደ።

የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊዋ ሳሊሃ የምትባል፣ በዕድሜ ልጃችን ልትሆን የምትችል ትሑት ሴት ናት። ተነስታ ተቀበለችው፣ ሻይ አዘዘችለት፣ ከዚያ እንዲህ አለችው፤ «ጋሼ፣ ዋስትና ማውረድ ይችላሉ፤ ግን ምትክ ዋስ ሲመጣ ነው። እስከዚያ ዋሱ እርስዎ ነዎት። ምክንያትዎን ደግሞ ማመልከቻ ላይ ይጻፉልን።»

እቤት መጥቶ ይህን ሲነግረኝ «ታዲያ ምን ብለህ ጻፍክ?» አልኩት።

«በግል ምክንያት» አለኝ።

የሠላሳ ሰው ሕይወት የያዘ ሹፌር በየማለዳው ያጨሳል፣ ዋሱ ግን በግል ምክንያት ይላል። «እውነቱን ብጽፍ ፖሊስ ይጠሩበታል። ይታሰራል። የእህቴን ልጅ በእጄ ላስረው?» አለኝ። እንግዲህ የሰውየውን ልብ አውቀዋለሁ። ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ነገሩ በቀለለልኝ ነበር።

ምትክ ዋስ ፍለጋ ተጀመረ። ፊርማውን በትኖ የኖረ ሰው አሁን ፊርማ ለመለመን በየበሩ ዞረ። አንዱ «መሥሪያ ቤቴ የዋስትና ደብዳቤ መስጠት አቁሟል» አለው። እሱ ፈርሞላት የተቀጠረች አንዲት ገንዘብ ያዥ «ባለቤቴን ላማክር» ብላ ቀረች። ንብረት ያለውም ዋስ መሆን ይችላልና አህመድን ለመነ፤ እሱም «ወላሂ ጋሽ መልኬ፣ ያለኝን ሁሉ ባንክ ይዞታል» አለው። ኦቦ ዲሪባ ብቻ እቤታችን መጥተው ፊት ለፊት ተናገሩት። «መልኬ፣ ዕቃው ደህና ከሆነ ለምን ታወርደዋለህ? ደህና ካልሆነ ለምን እኔ ላይ ትጭነዋለህ?» አሉት። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋኝ።

ያን ጊዜ ነው ያንን የጅል ዘዴ ያመጣው። በየጠዋቱ ኮስተሯ ላይ እየተሳፈረ ጋቢና ከቢኒ ጎን መቀመጥ ጀመረ። መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ አበባ፣ ፋብሪካው ወደ ጅማ መንገድ። ልጁን እያሸተተ ፋብሪካ ያደርሳል፣ ከዚያ ታክሲ ተራ ተሰልፎ ወደ ሜክሲኮ ይመለሳል። ሥራ ገበታው ላይ አርፍዶ እየገባ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። በሕይወቱ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት የማያውቅ ሰው። «ምን እያደረግህ ነው?» ስለው «ዋስ አይደለሁ? ዋስትናዬን እየተወጣሁ ነው» ይለኛል። ቢኒም ለጊዜው የተሻለው መሰለ፤ አጎቱ አጠገቡ ሲቀመጥ ቀጥ ብሎ ይነዳል።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ኮስተሯ ዘግይታ መጣች። እኔ በር ላይ ሻሽ አስሬ ቆሜአለሁ። ዕድላዊት ቀድማ ገባች። ባሌ ጋቢናውን ከፈተና አንድ እግሩን እንዳነሳ ቆመ። ሽታው እኔ ያለሁበት ድረስ ይመጣል። ቢኒ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ዝናቡን ትክ ብሎ ያያል፤ የመስታወት መጥረጊያው ግን አልተከፈተም። ባሌ እጁን ሰዶ ቁልፉን ነቀለና ወደ ኋላው ተመለሰ።

ከውስጥ ጫጫታ ተነሳ። «ጋሼ፣ ሰዓት አለፈብን።» «የሚቆረጥብንን እርስዎ ሊከፍሉ ነው?» «ደግሞ ማን ነዎት?»

ባሌ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ «ሹፌሩ አሞታል» አለ።

እግዜር ያሳያችሁ። ቁልፉን ነጥቆ እንኳ እውነቱን መናገር አልቻለም። ቢኒ በመስኮት ብቅ ብሎ «ኧረ ምንም አልሆንኩም፣ ጋሼ ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው?» እያለ ይስቃል። አንዲት ሴት ወርዳ «ልጁ አላመመኝም እያለ ነው፣ ቁልፉን ይስጡት፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ» አለችው። ባሌ ያቺን ሴት አየ፣ ቢኒን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ቁልፉን የያዘው እጁ ቀስ ብሎ ሲዘረጋ አየሁ።

«እንዳትሰጠው» የሚል ድምፅ ከመኪናው በር መጣ። ዕድላዊት ናት። ደረጃው ላይ ቆማለች። «አልታመመም። አጭሷል። በየቀኑ ያጨሳል፤ ሁላችንም እናውቃለን። መስታወቱንም የሰበረው እሱ ነው፤ ማንም አልገጨውም። አባዬ፣ ቁልፉን እንዳትሰጠው።»

ቁልፍ ስጠው ያለችው ሴት ቦርሳዋን ለማውጣት ተመለሰች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወርደው ታክሲ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ሄዱ። ቢኒ ደጃፋችን ላይ ተቀመጠ። ሲያጨስ ሳቁ ቅርብ የሆነ ልጅ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ዳቦ ሰጥቼው እያለቀሰ በላ።

ቀትር ላይ ሳሊሃ ሌላ ሹፌር ይዛ መጥታ መኪናዋን ወሰደች። ፖሊስ አልጠሩበትም፤ አሰናበቱት፣ እናቱ ዘንድ ቡራዩ ሄደ። የመስታወቱ ዋጋ ከባሌ ደሞዝ ተቆረጠ። ሙሉእመቤት አንዴ ስልክ ደውላ «አንተው ፈርመህ ያስገባኸውን አንተው አስወጣኸው» ብላ ዘጋችበት። እስካሁን አላነጋገረችውም። ሳሊሃ ግን ስትሄድ በትሕትና «አሁን ዋስትናው ወርዶልዎታል፣ ጋሼ» ብላዋለች።

የዚያን ቀን ምሽት ሦስታችን ራት በላን። ሬዲዮው ተከፍቷል። ባሌ ጉርሻውን ሳያነሳ ወደ ልጁ ዞሮ «እናትሽ ስትጠይቅሽ ደህና ነው አልሽ። እኔ ደግሞ ያንቺን ቃል ይዤ ተቀመጥኩ። ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ብናገር ኖሮ የመስታወቱን ከማን ይጠይቁ ነበር?» አለችው። «የሚቀጥለውንስ ከማን? የሚነኩት ደሞዝህን ነው። ቤቱን ነው።»

«ታዲያ ስትሳፈሪ አትፈሪም ነበር?»

«እፈራ ነበር። በር አጠገብ ነበር የምቀመጠው።»

«እና እየፈራሽ በየቀኑ?»

ዕድላዊት እንደማይገባው ሰው አየችው። «ፈርመህ ነበራ፣ አባዬ» አለችው።

መልከጼዴቅ እጁን ከገበታው አነሳ። ሬዲዮው ስለ አንድ አዲስ የብድር ስምምነት እየተናገረ ነበር፤ አከፋፈሉ ለብዙ ዓመታት የሚዘልቅ እንደሆነ አብራራ። ባሌ ዜናው አልቆ ስፖርቱ እስኪጀምር ድረስ ማን ፈርሙ አላቸው ብሎ አልጠየቀም።